መቶ ዲግሪ በጣርማበር ዳገት

መካኒክነትን ያስተማረኝ ሰው የለም። አሰብ ወደብ አጠገብ በነበረው ጋራዥ፣ ተምረው ከመጡት ይልቅ ሞተር የማውቀው እኔ ነበርኩ። ለጉራ አይደለም፤ እውነት ነው። ውሃ በመቶ ዲግሪ እንደሚፈላ ሳነብ እንኳ ዝም ብዬ አልተቀበልኩም። በጣሳ ውሃ ጥጄ፣ ቴርሞሜትር ነክሬ በዓይኔ አየሁ። ልክ መቶ!

በዚያ ሰሞን ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባትየው «አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ መልስ እሰጣለሁ» ብለዋል። ሙያዬን ላሳያቸው ብዬ መኪናቸው ላይ የውሃ ሙቀት መለኪያ ገጠምኩላቸው፤ መቶው ላይ ቀይ ቀለም ቀባሁ።

«ጋሼ፣ ቀስቱ ቀዩን ካልነካ አይቁሙ። ውሃው አልፈላም ማለት ነው።»

«ሲንተከተክ ብሰማስ?»

«ጆሮ ይሳሳታል፤ መለኪያ አይሳሳትም።»

ሳቁ። «እሺ፣ የአማች ቃል ይከበራል» ብለውኝ ሄዱ። አማች ሲሉኝ መሬቱ አልበቃኝም።

መኪናቸውን ደብረ ሲና አቁመው፣ በሌላ ሾፌር ጋቢና ተመለሱ። ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ ጋራዡ መጡ።

«ጣርማበር ዳገት ላይ ውሃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፍኖታል፤ ቀስትህ ግን ከቀዩ በታች ተኝቷል። ረዳቴ እንቁም ቢለኝ፣ አማቼ ያውቃል አልኩት። ይኸው የሞተሩ ቴስታታ ተሰነጠቀ!»

ሁሉም ሥራውን ትቶ ያየኛል። እኔም «ምናልባት ውሃ አጉድለው ይሆናል» አልኳቸው። መሪ ይዘው የሸበቱትን ሰው! ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

«ልጄስ ታመምኩ ብትልህ፣ ቀዩን አልነካሽም ልትላት ነው?» አሉኝ። ጋራዡ በሳቅ ተናጋ።

ምክንያቱን በኋላ ራሴው ደረስኩበት። አሰብ ባሕር ዳር ስለሆነች አየሩ ውሃውን ከላይ ተጭኖ ይይዘዋል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ውሃው መቶ ሳይደርስ ይፈላና ተንኖ ያልቃል። የእኔ ሙከራ ትክክል ነበር፤ ግን ለአሰብ። ይህንኑ ላስረዳቸው ቤታቸው ድረስ ሄጄ ከበር ተመለስኩ። ባዘጋጀሁት ንግግር ውስጥ ይቅርታ የሚል ቃል እንደሌለ የታወቀኝ እዚያ ቆሜ ነው።

ሽማግሌዎቼ ዳግመኛ አንሄድም አሉ። ልጅቱ ለአንድ አስተማሪ ተዳረች። በሠርጓ ቀን ጋራዡን ከውስጥ ዘግቼ ዋልኩ። አጃቢዎቹ ጥሩምባ እየነፉ በደጄ ሲያልፉ፣ የየመኪናውን ሞተር በድምፁ እለይ ነበር፤ ሁሉንም የጠገንኳቸው እኔ ነኝ።