ሁለተኛው ካሴታችን

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ጎረቤቴ ዝናብ የመታውን የሱፍ ብርድ ልብስ አጥሯ ላይ አስጥታ በዚያ ሳልፍ፣ እርጥብ ሱፍ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ያ የበግ ጠረን ድንገት ያዘኝና ቆምኩ። በደርግ ጊዜ፣ አሰላ ላይ፣ ሁለተኛውን ካሴታችንን የቀዳንበት ክፍል እንዲያ ነበር የሚሸተው።

ክፍሉ የጀማል እናት የእትዬ ዘይነባ ሳሎን ነው። ጀማል ዘፋኛችን ነበር፤ ወንድሜ ተስፋዬ ጊታር ይመታል፣ ግርማ ድራሙን ይደበድባል፣ እኔ ደግሞ ተቀባይ ነኝ። የመጀመሪያው ካሴታችን የሰርግ ዘፈን ብቻ ስለነበር ከአሰላ እስከ ሮቤ በእኛ ድምፅ ያልተዳረ ሙሽራ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጀማል ግን "አሁንስ የራሳችንን እንዝፈን" አለና፣ ቤቱ ውስጥ እንደሚያወራው አንዱን ስንኝ በአማርኛ ሌላውን በኦሮምኛ እያደረገ፣ ስለ ጭላሎ ጉም፣ ስለ ገብስ ማሳ፣ ስሟን ስለማይጠራት አንዲት ልጅ ግጥም ጻፈ። ያቺ ልጅ እኔ በሆንኩ ብዬ ስንቴ እንደተመኘሁ አንድዬ ይወቀው።

የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባብን የቤቱን ብርድ ልብስ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። እትዬ ዘይነባ "እኔን በብርድ ጨረሳችሁኝ፤ ዶሮዎቼም ከዚህ ድራም ወዲህ እንቁላል መጣል ትተዋል" እያሉ ይስቁብን ነበር።

ቀረጻው ተጋምሶ ሳለ ጀማል ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። የመሄጃው ቀን ሲደርስ አንድ ዘፈን ቀርቶናል። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲወግረው ዋለ፤ ጣሪያው ያፈሰሰውንም ብርድ ልብሶቹ ጠጡት። ያባራል ብለን ብንጠብቅ ብንጠብቅ እምቢ ሲል ጀማል ብድግ አለ።

"በቃ፣ ዝናቡም ይዝፈን። የአሰላ ልጅ አይደል?"

ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈነ። ስቀበለው ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ድገሚው ያለኝ ግን አልነበረም።

ካሴቱ የወጣው እሱ ከሄደ በኋላ፣ በመስቀል ሰሞን ነው። አውቶብስ ተራ አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ሲለቀው፣ ከጎቤሳ የመጡ ገበያተኞች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ያ የመጨረሻው ዘፈን ሲደርስ ቀና ብለው ሰማዩን የሚያዩም አልጠፉም። ካሴቱን ለጀማል የምንልክበት ሰው ስናፈላልግ መርዶው ከሰሜን መጣ።

ከለቅሶው በኋላ አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ አስጠሩኝ።

"ዘፈኑስ ጥሩ ነው ልጄ" አሉኝ። "እንዲሁ ሲያወራ የቀዳችሁት የለም?"

"የለም፣ እትዬ።"

የካሴቱ ክር እንዳይባክን ጀማል ወሬ በጀመረ ቁጥር ቴፑን እናጠፋው ነበር። "እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ። ምን ምን ይል ነበር?" አሉ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እየሄድኩ ያወራውን፣ የቀለደውን፣ ሲያልቅብኝም ሊል ይችል የነበረውን እየጨመርኩ እነግራቸው ነበር፤ እሳቸውም "አዎ፣ እሱ ነው፣ ልጄ ነው" ይሉኛል። አሁን እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። ዘፈኖቹን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ጀማል እንዴት ያወራ እንደነበር የሚጠይቀኝ ግን አሰላ ላይ አንድም ሰው የለም፤ ካልተጠየቅሁ ደግሞ ወሬው ከእኔም እየራቀ ነው።