ከሞተሩ ሥር የወጣው ሲሊኮን

«ጥፋቱ የኔ ነው!» አሉ መካኒኩ ጋሽ ኤርሱሞ፣ ከአባቴ አሮጌ ፒክአፕ ሥር እንደተኙ፤ ጋራዡን የሞላው ደንበኛ እየሰማ።

ጠዋት ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና ስንመጣ የዘይት መብራቱ ቦግ አለ። ሞተሩን አጥፍተን በገመድ አስጎተትነው።

ያየው ሁሉ «ይሄ ሞተር አልቆለታል» ሲል አባቴ ፊቱ ጠቆረ።

ጋሽ ኤርሱሞ ግን የዘይት ቋቱን ፈቱ። ዘይት የሚስበው ወንፊት ቋቱ በሚታሸግበት ሲሊኮን ቁርጥራጭ ተደፍኗል።

«ባለፈው ስገጥመው ማሸጊያውን ያበዛሁት እኔ ነኝ።»

አጥበው መለሱት፤ ሞተሩ ተነሳ፣ መብራቱ ጠፋ።

እኔ ብሆን ቁርጥራጩን ኪሴ ከትቼ «መንገዱ ነው» እል ነበር 😄

አባቴማ «ከእንግዲህ መኪናዬን ሌላ ሰው አይነካትም» ብሏል።

እስቲ ንገሩኝ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ያላችሁ መካኒክ አለ? መካኒኩስ ይቅር፣ እንዲህ ያላችሁ ሰው አለ?