በጣውንቴ ስም የወጣ ፊደል

ማራኪ ሰፈር በተከራየናት ክፍል ወንድ ልጅ ስወልድ አማቴ ከቆላ ድባ ቅቤ ይዘው መጡ። እግረ መንገዳቸውን ደብተራ ቤት ገብተው፣ በእናቱ ስም የልጁን ኮከብ አስቆጥረዋል።

«ስሙ በ‹ተ› ካልጀመረ አያድግም ተብሏል» አሉኝ። እኔ ገና በሆዴ ሳለ ያወጣሁለት ስም በሌላ ፊደል ነበር የሚጀምረው። ፈራሁና ተውኩት።

ልጁ ክርስትና በተነሳ ዕለት ለጎረቤት ሲያወሩ ሰማኋቸው። ለደብተራው የነገሩት የእናት ስም የእኔ ሳይሆን፣ ባሌ የፈታት የመጀመሪያ ሚስቱ ስም ነበር።

«ምነው እማማ?» አልኳቸው።

«እኔ ምራቴ የምላት እሷን ነው» አሉ። ባሌም «ፊደሉ ሸጋ አይደል?» ብሎ ጠላውን ጨለጠ።

ዛሬ አማቴ አልጋ ይዘዋል፤ የማስታምማቸው እኔ ነኝ። ውኃ ሲለምኑኝ «ምራትዎን ይጥሯት» እላቸዋለሁ።