ፈርኔሎና ጥላ

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ያለ ወረፋ የሚገኝ ነገር ፀሐይ ብቻ ነበር። እሱን ማንም የፈለገውን ያህል መውሰድ ይችላል፤ በለጠች ደግሞ ከድርሻዋ በላይ ወስዳለች።

ቀፊራ ገበያ ጫፍ ካለ አሮጌ መጋዘን ግድግዳ ሥር ተቀምጣ የዘይት ቆርቆሮ በሚስማርና በድንጋይ ስትበሳ ትውላለች። ጠዋት የግድግዳው ጥላ ሰፊ ነው። ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር እየጠበበ ይመጣል፤ በለጠችም በርጩማዋን እያስጠጋች ትከተለዋለች። እኩለ ቀን ላይ ጀርባዋ ከግድግዳው ይጣበቅና ጥላው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዓት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ትገፋዋለች።

እኔ ባቡር ጣቢያ ትኬት እቆርጥ ነበር፤ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ባሏ ሣህሉም የባቡር ሰው ነበር፤ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከባቡሩ ጋር ወጥቶ በዚያው ቀረ። ለቀስተኛው ሲበተን በለጠች ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ባዶ ቤት ቀረች፤ የነበራት ነገር የሣህሉ መዶሻና ጥቂት ባዶ ቆርቆሮ ነው። መዶሻውን ለልጆቹ ደብተር ሸጠችው። ለዚህ ነው በድንጋይ የምትበሳው።

ፈርኔሎ የምንለው የከሰል ምድጃ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ሙቀቱን ለጎረቤት ያድላል እንጂ ድስቱን አያውቀውም። በለጠች ደቻቱ ከሚባለው አሸዋማ ወንዝ ዳር ያመጣችውን ጭቃ ከጭድ ጋር ረግጣ ውስጡን ለሰነችው፤ አፉንም አጠበበችው። አንድ ጭብጥ ከሰል ወጥ አብስሎ ሻይ ያፈላል። ጭቃው በደንብ እስኪደርቅ ግን ቀናት ይፈጃል፤ ሳይደርቅ እሳት ካየ ተሰንጥቆ ይረግፋል። ደንበኛ እየለመናት እንኳ ያልደረቀ አትሸጥም ነበር።

ከጀልዴሳ በኩል ከሰል በአህያ ጭና የምትመጣው ሶማሊዋ ሃዎ መጀመሪያ ስታያት በሳቅ ፈነዳች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ አንቺ ከሰል የማይበላ ፈርኔሎ ትሠሪያለሽ፣ እኔ ከሰል እሸጣለሁ። ወላሂ ጠላቴ ነሽ!»

አንድ ቀን ሃዎ ከጆንያው ሥር የቀረውን የከሰል ብናኝ ልትደፋ ስትል በለጠች እጇን ያዘቻት። ብናኙን በጭቃ ውሃ ለወሰችው፣ አድቦልቡላ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ በእሷ ፈርኔሎ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲነድ ይውላል። ከዚያ ወዲህ ከሰሉ የሃዎ፣ ብናኙ የሁለቱ ሆነ፤ ከሰል መግዛት ያቃተው ድሃ ሁሉ ድቡልቡሉን ፍለጋ ወደ እነሱ ይመጣ ጀመር። ጆንያዎቹን ግን ሃዎ አራግፋ፣ አጣጥፋ ይዛ ትመለሳለች። ጆንያ ከሌላት ከሰል የምታመጣበት የላትም።

በ1976 ግንቦት ላይ በለጠችን ምች መታት። ከንፈሯ ቆሰለ፣ ዓይኗ አበጠ። ዳማከሴ ጨምቄ ስወስድላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር።

«እግዜርን ሀብት አልለመንኩት» አለችኝ። «ጥላ ብቻ ቢሰጠኝ ምን ነበረበት? ደከመኝ እኮ።»

ሰምቷት ይሁን ሊቀጣት እንጃ፣ በዚያው ክረምት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ሀብተ ማርያም ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የእደ ጥበብ ሴቶች ማኅበር ይቋቋማል ብሎ አወጀ። ማኅበሩ በቆርቆሮ የተከደነ ሰፊ ዳስ ይሠራለታል። በለጠች ከነቁስሏ ሄዳ መጀመሪያ ተመዘገበች።

ሰብሳቢ ይመረጥ ሲባል ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ጠቆሙ፤ አንድም ክብር መስሏቸው፣ አንድም ከራሳቸው ላይ ለማውረድ። እምቢ ማለት ነበረባት። «ሰው አክብሮኝ እንዴት ብዬ?» አለችኝ ማታ። ይሉኝታ ይሏችኋል ይሄ ነው፤ ስንቱን ሰው ጎትቶ ገደል እንደከተተው እሱ ራሱ አያውቀውም።

ያኔ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ሲሰበሰብ ይኖራል እንጂ አይሠራም። ሰኞ የሴቶች ማኅበር፣ ማክሰኞ የውይይት ክበብ፣ ደግሞ የሰልፍ ዝግጅት፣ ደግሞ የሰልፉ ግምገማ። በለጠች ዳሱን ያየችው በምረቃው ቀን ነው ብል ብዙም አልዋሸሁ። የደረሳት ጥላ የቀበሌው አዳራሽ ጥላ ሆነ፤ ከላይ ቬንቲላተር ይዞራል፣ ከፊት ጓድ ሀብተ ማርያም ይናገራል። መጀመሪያ ሰሞን እጇ ሥራ ሲያጣ ከነጠላዋ ሥር የኩራዝ ክር ትፈትል ነበር። ጓድ ሀብተ ማርያም አይቶ በሰው ፊት ገሠጻት። ከዚያ በኋላ ታንቀላፋ ጀመር። የስንት ዓመት ፀሐይ የጠጣ ሰውነት ነፋስ ሲያገኝ ምን ያድርግ? «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲባል አጠገቧ ያለችው ትጎሽማትና እንደ ሁላችንም ታወጣለች። በዚያ ዘመን እጁን ያላወጣ ሰው ይታያል።

ዳሱ ውስጥ የቀሩት ሴቶች ደግሞ ኮታ ነበረባቸው። ጭቃው እስኪደርቅ ማን ይጠብቃል? ርጥቡን ይሸጡታል፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲያነደው ይሰነጠቃል። ስድቡ ዞሮ የሚመጣው በለጠች ደጃፍ ነው። እሷም «እውነታችሁን ነው» እያለች ትሰማለች፤ ለመከራከር እንኳ አቅም አልነበራትም።

በቀጣዩ ዓመት የፈርኔሎው ጉዳይ ለስብሰባ ቀረበ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባለች። ተነሥታ ቆመች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ፈርኔሎ የሚሠራ ሰው ጭቃው አጠገብ ይውላል፤ እኔ እዚህ ነው የምውለው። ደክሞኛል። ከሰብሳቢነቱ አውርዱኝና ልሥራበት።»

ጓድ ሀብተ ማርያም አጨበጨበ፤ አዳራሹም ተከትሎት አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ግለ ሂስ ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረና፣ በለጠች በሰብሳቢነቷ እንድትቀጥል የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ አለ። እጅ ወጣ። ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት።

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ደንግጬ ተከተልኳት። እኩለ ቀን ነበር። ወደ ዳሱ ትሄዳለች ስል በቀፊራ በኩል ታጠፈች።

መጋዘኑ ግድግዳ ሥር ስንደርስ ቆም አለች። የከሰል ጆንያዎች እርስ በርሳቸው በሲባጎ ተሰፍተው፣ በአንድ በኩል ግድግዳው ላይ በሚስማር፣ በሌላው በኩል በሁለት እንጨት ተወጥረዋል። ሥራቸው ሰፊ ጥላ አለ። ሃዎ ከጥላው ዳር ቁጭ ብላ ጫፉን ትሰፋለች። በርጩማው ባዶውን ተቀምጧል።

«ሃዎዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ጥላ ነዋ! አንድ ቀን ትመጫለሽ ብዬ ሰፋሁት።»

በለጠች እጇን ዘርግታ ጆንያውን ዳሰሰችው። እንባዋ መጣ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ያላት መሰለች።

«ከሰሉንስ በምን ልታመጪ ነው?»

«ከሰል የለም፣ አባዮ። ኬላ ላይ ይዘው ደፉብኝ። ከእንግዲህ ከሰል በኅብረት ሱቅ ብቻ ነው፣ ከገጠር በግል ማምጣት ተከልክሏል አሉኝ። ቀበሌዎቹ እጅ አውጥተው ወስነዋል አሉ። ታዲያ ባዶ ጆንያ ምን ያደርግልኛል?»

በለጠች እጇን ከጆንያው ላይ አነሣች። አውቃለሁ፤ ይህ የተወሰነበት ስብሰባ ላይ እኔም ነበርኩ፤ እሷ ቬንቲላተሩ ሥር አንቀላፍታ ነበር።

«እኔም እጄን አውጥቻለሁ» አለች። «ምን እንደሆነ አልሰማሁም፣ ሃዎዬ። ተኝቼ ነበር። ጎሸሙኝ፣ አወጣሁ።»

ሃዎ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካችው። ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗን አንሥታ ገበያውን ተመለከተች። የምትሰድባት መስሎኝ ነበር። ተነሥታ የላላውን ሲባጎ እንጨቱ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና በርጩማውን በእግሯ ወደ ጥላው መሐል ገፋችላት።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «ፀሐይ ይመታሻል።»