አርባ ደቂቃ በሁለት እግር

ሰውን የሚያቆመው አጥንቱ ነው ይባላል። አይደለም። የማያምነኝ ካለ ወደ አንድ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክፍል ጎራ ይበል። እዚያ አንድም አጥንት ያልጎደለው የፕላስቲክ አጽም ያገኛል፤ ቆሞ የሚታየው ግን ራስ ቅሉ ላይ በተሰካ መንጠቆ ተንጠልጥሎ ነው። መንጠቆውን ቢነቅሉት ወለሉ ላይ ይከመራል። እኔም ባለፈው ክረምት ማብቂያ እንደዚያው ነበርኩ፤ ልዩነታችን እኔ መንጠቆ እንኳን አልነበረኝም።

የወደቅኩት ቦንጋ አጠገብ ባለው የማንኪራ የቡና ጫካ ውስጥ ነው። ዝናብ የመታው የዛፍ ሥር እንዴት እንደሚረገጥ ለአንድ እንግዳ እያስረዳሁ፣ ራሴ ረገጥኩትና ቀኝ ቅልጥሜን ሰበርኩ። ሆስፒታል ከጭኔ እስከ እግሬ ጣት ድረስ ጄሶ አሰሩልኝና ወደ ታላቅ እህቴ ቤት ገባሁ፤ እኔ ቤት ከመጻሕፍት በቀር ውሃ የሚያቀብል የለም።

የቦንጋ ሰው ለታመመ ሰው ደግ ነው። ይህን የምለው በምሬት ነው። ጠዋት የሚመጣው የቅልጥም ሾርባ ይዞ ይመጣል፣ ከሰዓት የሚመጣው ማር። የቢሮ ሰዎች ባዶ እጃቸውን መጥተው «ቤድ ሬስት ያስፈልግሃል» ብለው ይሄዳሉ። ሁሉም ግን አንድ ቃል አላቸው፤ «እንዳትንቀሳቀስ!» ለውሃ እጄን ስዘረጋ እንኳ ከሦስት ሰው ያላነሰ ይጮህብኝ ነበር። ብዙ ዘመን ሰው የሚለውን ሁሉ ስቃወም የኖርኩ ሰው፣ ይህንን ብቻ ሳልከራከር ተቀበልኩ። ስንፍናዬ የተስማማበት ምክር ስለሆነ ነው።

ጄሶው ሲፈታ በራጁ ላይ አጥንቴ ደህና አድርጎ ገጥሞ ታየ። እህቴ እዚያው ሐኪሙ ፊት እልል አለች። እኔም ተነሣሁ፤ ወዲያውም ሳላስበው ተቀመጥኩ። ጭኔን ባየው የሌላ ሰው፣ ያውም ምግብ የማይሰጠው ሰው ጭን ነበር።

«አጥንቴ ድኗል አላላችሁኝም?» አልኳት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን። ወጣት ናት፣ ስትናገር ፈገግ ትላለች።

«ድኗል ጋሼ። ሠርግ ቤት ድንኳን ሲተከል አይተው ያውቃሉ?»

«ስንቱን አይቻለሁ።»

«ገመዶቹ ሁሉ ቢላሉ ምሰሶው ምን ይሆናል?»

«ሙሽራው ላይ ይወድቃል።»

«የእርስዎ ምሰሶ ደህና ነው። ገመዱን ግን ሁለት ወር ሙሉ አስተኝተው አላልተውታል። ጡንቻ ካልጎተተው አጥንት ራሱን ችሎ አይቆምም፣ አይራመድምም። ደግሞ አጥንት ደረቅ እንጨት አይምሰልዎት፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ጭነት ሲያጣ ይሳሳል፣ በልኩ ሲጫኑት ይጠነክራል። ከዛሬ ጀምሮ ይነሡ፣ ይቁሙ።»

ይህን ሁሉ ሾርባ ያለ ጥቅም ጠጥቼዋለሁ ማለት ነው። ባይሆን ጣፋጭ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እየተኛሁ እቀልድበት ነበር። ግን የእህቴ ልጅ ጉዳይ መጣ። ልጁ የወረዳ ቢሮ ሠራተኛ ነው። ከዋጫ ከተማ አለፍ ብሎ ካለ መንደር የተወለደች አንዲት መምህርት ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች፤ ሁለቱ ተስማምተው ጨርሰዋል። የቀሩት አባቷ ናቸው፤ እሳቸውም አንድ ጊዜ ሽማግሌ መልሰዋል። ልጁ የላከው የቢሮ ባልደረቦቹን፣ ከስብሰባ በቀር ሌላ ወግ የማያውቁትን ነበር። አባትየው «ተቀመጡ» ሲሏቸው ተቀመጡ። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩን ተናግሮ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። አንደኛውማ ማስታወሻ ደብተር አወጣ አሉ። አባትየው ሰምተው ሲጨርሱ፣

«ልጄን የፈለገ ሰው ለወንበር እንዲህ አይቸኩልም» አሉ። «አጎት ካለው አጎቱ ይምጣ። ቆሞ ይጠይቀኝ።»

አጎቱ እኔ ነኝ፤ ሌላ የለውም። ቀን ተቆረጠ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ።

«ክራንች ይዤ ልሂድ?» አልኳት እህቴን።

«ክራንች ይዘህ ደጃቸው ብትቆም ለማኝ ነው የምትመስለው።»

«እና የምንሄደው ልንለምን አይደለም እንዴ?»

«ዝም በል። የልጄን ነገር አታበላሽብኝ። ቀጥ ብለህ ቆመህ ትጠይቃለህ።»

«እሺ፣ እንግዲያው ልነሣና ልለማመድ።»

«ተኛ! አጥንቱ ሳይጠና!»

የእህቴ ልጅ ትዳር የእኔ ጭን ላይ ወድቆ፣ እናቱ ደግሞ ጭኔን ብርድ ልብስ ታለብሳለች። ስለዚህ ወደ ጓሮ ተሰደድኩ። እሷ ገበያ ስትሄድ እንሰቶቹ መሀል ወንበር አወጣና እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ቻልኩ፤ አምስተኛውን ወንበሩ አልተቀበለኝም። ባለሙያዋ አቋቋምም አስተምራኛለች፤ ጭንቅላት ከትከሻ በላይ፣ ትከሻ ከዳሌ በላይ፣ ዳሌ ከቁርጭምጭሚት በላይ። «ሲቆሙ ክብደትዎን አጥንትዎ ላይ ያስቀምጡት፣ ጡንቻው ሚዛን ብቻ ይጠብቅ» ትለኝ ነበር። ከወገቤ ጎበጥ ስል ጭኔ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል፤ ስቀና ይተወኛል። ስንት መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው በዚህ ዕድሜዬ መቆም እማር ነበር።

አንድ ቀን እህቴ ሳላስባት ተመለሰች። አንዱን እንሰት አቅፌ ደረሰችብኝ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እንሰቷ ልትወድቅ ነበር፤ ደገፍኳት።»

«እሷ ናት ወይስ አንተ?»

 ቀኝ ጭኔ ከግራው ምን ያህል እንደቀጠነ አየች። ከዚያ ወደ ቤት ገባች። በማግስቱ ጠዋት ወንበሩን ራሷ አውጥታ ጓሮ ጠበቀችኝ። «ስድስት! ሰባት! … ይኼ አይቆጠርም፣ ሙሉ አልተነሣህም፤ ድገም!» እንደ እሷ ያለ ጨካኝ አሠልጣኝ በሕይወቴ አላየሁም። ጠያቂዎች ሾርባ ይዘው ሲመጡ ሾርባውን ተቀብላ ጠያቂዎቹን ከበር መመለስ ጀመረች።

እሑድ ደረሰ። ሦስት ነን፤ እኔ፣ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ወዳጄ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። በመኪና እስከ ዋጫ፣ ከዚያ በእግር፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ጭቃው ግን ረጅም። አባትየው በረንዳቸው ላይ ከዘራ ይዘው ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ሸበቶ፣ ሳቃቸውን የሚቆጥቡ ሰው ናቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«እንቆማለን አባታችን፤ ጉዳይ አለን» አልኩ።

«ጉዳይ ተቀምጦም ይነገራል።»

«ተቀምጠው የተናገሩት ምን እንዳገኙ ሰምተናል።»

የከንፈራቸው ጥግ ትንሽ ተነቃነቀ። ከዚያ ፈተናው ጀመረ። እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና እሳቸውም ቆመው ስለ መንገዱ ጠየቁን። ስለ ዝናቡ ጠየቁን። ቡናው እንዴት እንደያዘ፣ አያቴ ከየት እንደመጣ፣ ልጁ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቁን። በመምህሩ ሰዓት ከቆምን ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሞላን ቀኝ ጭኔ የራሱን ሐሳብ ማሰብ ጀመረ።

«ቻልከው?» አለኝ መምህሩ በሹክሹክታ።

«አፍህን ዝጋና ትከሻህን አቅርብልኝ።»

«መደገፍ ኩረጃ ነው።»

ጭንቅላቴን ወደ ላይ፣ ዳሌዬን ወደ ፊት መለስኩ። መንቀጥቀጡ በረድ አለ። ያኔ ነው ሌላ ድምፅ የሰማሁት። ጠ፣ ጠ፣ ጠ። የአባትየው ከዘራ ወለሉን ይመታል። ሰውዬው ከወገባቸው ጎብጠው ሙሉ ክብደታቸውን በጭናቸው ይዘውታል፤ ጉልበታቸው ይርዳል።

«ጉልበትዎን ያምዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ማን፣ እኔን?»

ከውስጥ ባለቤታቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር አሉ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። «ስጣቸውና ተቀመጥ፤ አራታችሁም ብትወድቁ የማነሣችሁ እኔ ነኝ» ነው ያሉት።

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናንተ ካልተቀመጣችሁ እኔ አልቀመጥም። ወጉ አይፈቅድም።»

«እኛም መልስ ካላገኘን አንቀመጥም። ወጉ አይፈቅድም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን።»

ወደ ውስጥ ዞረው ተጣሩ። «አንቺ! ፈቅደሻል?»

«ዓመት ሆነኝ አባዬ! ኧረ በናታችሁ ተቀመጡ!»

«ሰጠሁ» አሉ። አራት ሽማግሌ በአንድ ጊዜ አቃስቶ ተቀመጠ። በመምህሩ ሰዓት አርባ ደቂቃ ቆመናል።

ማር እየቀረበ ሳለ አባትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ጉልበቴን ካመመኝ ሁለት ዓመቴ ነው። ሐኪሙ ተንቀሳቀስ አለኝ። እነዚህ ግን ስለሚወዱኝ ቀኑን ሙሉ ያስቀምጡኛል። ዛሬ ይህን ያህል የቆምኩት ሽማግሌ መጣ ብዬ ነው። እግርዎ ተሰብሮ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ እርስዎ ያን እግር ይዘው እንዴት ቻሉት?»

«እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ» አልኳቸው። «አሁን ይነሡ።»

ግማሽ ድረስ ተነሥተው ወደቁ። ባለቤታቸው ማሩን ጥለው፣ ልጆቻቸው ከየክፍሉ ሮጠው መጡ። «ኧረ አስቀምጧቸው! ኧረ ያዟቸው!»

«ማንም እንዳይነካኝ!» አሉ። በሦስተኛው ሙከራ ያለ እጅ፣ ያለ ከዘራ ቆሙ። ቆመውም የቆጠቡትን ሳቅ ሁሉ ሳቁት።

አንተም ቤት ሐኪም «ተነሥ» ብሎት ሳለ ዘመዶቹ ያስተኙት ሰው ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ተወውና ሂድ፤ ብርድ ልብሱን ግፈፈው፣ እጅህን ስጠውና አስነሣው።