ብል ያልበላው የሁዳዴ ፖስታ

ይማርሽ ደግሰው ቴምብር ትቀምሳለች ይባላል። ሐሰተኛው ምላሷ ላይ ይመራታል፣ እውነተኛው እንደ ወለላ ይጣፍጣታል፣ በጣም ያረጀ ሲሆን ደግሞ ጣዕሙ እንዳይጠፋባት ውሃ እንኳ አትጠጣበትም አሉ። ይህን ወሬ ቅዳሜ ገበያ ላይ ያልሰማ ሰው ላሊበላ ኖሬአለሁ አይበል። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴማ «ስትልስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ብላ ምላለች። ሴትዮዋ ግን አምና ቆማ የምታስቀድስ በቅሎ አይቻለሁ ብላም ምላ ነበርና መሐላዋን በልኩ መውሰድ ነው።

ነገሩ ውሸት ነው። የይማርሽን ምላስ አንድም ቴምብር ነክቶት አያውቅም። እንዲያውም የዚያ ቤት ስምና ዝና የመጣው ከአለመላስ ነው።

አያቷ መሪጌታ አረጋ ቅኔ አዋቂ ነበሩ። ፖስታ በበቅሎ እየተጫነ ወደ ላሊበላ በሚመጣበት ዘመን፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል የታመነ ሰው ሲፈለግ ማኅተሙም የቴምብሩ ሳጥንም ለእሳቸው ተሰጠ። ሥራውን በደስታ ይዘው ሳለ ሙጃ ከተማ የሚኖር አንድ ነጋዴ ከደሴ ሲመለስ መርዶ ይዞላቸው መጣ፤ የቴምብር ሙጫ የሚሠራው ከተቀቀለ የከብት አጥንት ነው አላቸው። ነጋዴው ይህን ከየት እንደሰማው የጠየቀው የለም። መሪጌታ ግን ከዚያ ወዲያ ሁዳዴ በገባ ቁጥር የቴምብሩን ሙጫ በውሃ ያጥባሉ፣ መስኮት ላይ ያደርቁታል፣ ከዚያ የስንዴ ዱቄት በጥብጠው በሊጥ ይለጥፉታል። ደብዳቤ ሊልክ የመጣ ሰው ሁሉ ሊጡ እስኪደርስ ደጅ ይጠናል። ራሴ ልለጥፈው ያለ ሰው ከነደብዳቤው ይባረራል።

«ዳዊት የሚደግሙበት ብራና ራሱ የፍየል ቆዳ አይደል?» ብሎ ያንሾካሾከ አንድ ተማሪ ነበር ይባላል። ያንሾካሾከው ግን ገነተ ማርያም ሄዶ ነው፤ ላሊበላ ላይ ማን ይደፍራል? እስከ ዛሬም በእኛ ሰፈር አንድ ነገር እንከን የለውም ለማለት «እንደ መሪጌታ አረጋ ጾም» ይባላል።

ሊጡ መዘዝ ነበረበት። ብል ሊጥ ይወዳል። የሁዳዴ ፖስታ ሁሉ እየቆየ ሲሄድ ቴምብሩ ዳር ዳሩን እየተበላ የአይጥ ጥርስ መሰለ። የውጭ አገር ሰዎች አሮጌ የላሊበላ ፖስታ መፈለግ ሲጀምሩ ይህን ያስተዋሉት የመሪጌታ ልጅ አቶ ደግሰው ናቸው። አታላዮች አሳምረው የሠሩትን ንጹሕ ፖስታ ይዘው ይመጣሉ፤ አቶ ደግሰው ቀኑን ያያሉ፣ ሁዳዴ ከሆነ ዳሩን ያያሉ፣ ብል ካልነካው «ይሄ ፖስታ ጾም አያውቅም» ብለው ይወረውሩታል። በዚህ አነጋገር ስማቸው አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ።

ለልጃቸው ያስተማሯትም ይህንኑ ነው። ፊቱ ሁልጊዜ ያምራል፣ ጀርባውን እይ። ይማርሽን ለጋብቻ የጠየቁ ሽማግሌዎች እንኳ ሲገቡ ሳይሆን ሲወጡ ነው የታዩት። «የአንደኛው ካፖርት ከኋላው የተዋሰው ይመስላል» ተብሎ ነገሩ ቀረ። እሷም ከአባቷ ባሰች። ቲማቲም ስትገዛ ገልብጣ ቂጡን ታያለች። እንዴት አደርሽ ያላትን ሰው «ምን ፈልገህ ነው?» ትለዋለች። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር የሚለውን ተረት የፈጠረችው እሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ አሉ፤ ይህ እንኳ ማጋነን ነው።

አቶ ደግሰው ሲሞቱ ማጉያ መነጽሩና ወረንጦው ለይማርሽ ደረሰ፤ ፖስታዎቹ ያሉበት የቆርቆሮ ሣጥን ደግሞ ለታናሽ ወንድሟ ለኪዳን። ዓይኑ በአንድ ቤት፣ የሚታየው በሌላ ቤት ሆነ። ኪዳን ጋሸና ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍቶ ነበርና ሣጥኑን ይዞ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ከሣጥኑ ፖስታ ቢሸጥ ቢሸጥም አይጎድልም የሚል ወሬ ወጣ። ይማርሽ «ሣጥን አይወልድም» አለች። ይህቺ ቃል ጋሸና ከመኪና ቀድማ ደረሰች። ከአባታቸው ተዝካር ወዲህ እህትና ወንድም በአንድ ገበታ አልቀረቡም።

አንድ ነገር ልጨምር። አቶ ደግሰው ለይማርሽ ብቻ የነገሯት ምስጢር ነበር። መሪጌታ ቴምብር ከመለጠፋቸው በፊት ቴምብሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስቀል ያደርጉ ነበር፤ ቴምብሩ ላይ ያለው የንጉሥ መልክ መስቀል ሳይቀድመው መንገድ አይወጣም ብለው። ቴምብሩ ከላይ ስለሚሸፍነው የሚያየው የለም። ኪዳንም አያውቅም፣ አታላዮችም አያውቁም። እኛም የሰማነው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ያ ቀን ዘንድሮ በሁዳዴ መሐል ነበር። የይማርሽ ሱቅ ድሮ ለቱሪስት ፖስትካርድና ቴምብር ይሸጥበት ነበር፤ ቱሪስቱ ሲሳሳ ሳሙናና ጧፍ ገባበት። አባ ይታገሱ ጧፍ እየመረጡ ነው። እኒህ ቄስ በልጅነታቸው ከመሪጌታ እግር ሥር ቅኔ የተማሩ፣ አሁንም ስማቸውን ሲጠሩ ቆባቸውን የሚነኩ ሽማግሌ ናቸው። ኪዳን በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ሂሻም የሚባል የደሴ ሰው አለ፤ አሮጌ ፖስታ እየሰበሰበ የሚሸጥ፣ ጫማውን ከሱቁ ወለል በላይ ያሳመረ።

«እታለም፣ እንዴት ዋልሽ?» አለ ኪዳን።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ምን እፈልጋለሁ? ፖስታ እንድታዪልኝ ነው። ከአባባ ሣጥን ግርጌ፣ ከሽፋኑ ወረቀት ሥር ያገኘሁት ነው። አቶ ሂሻም የሚወስዱት አንቺ እውነተኛ ነው ካልሽ ብቻ ነው።»

«እኔ ባልልስ?»

ሂሻም ነው የመለሰው። «ወላሂ እትዬ፣ እኔ ወንድምሽን አላውቀውም፣ የማውቀው ያንቺን ስም ነው። ሐሰተኛ ካልሽኝ ፖስታውን ትቼ እሄዳለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሁሉ ደግሞ ያንን ሣጥን እንዳይነካ እነግረዋለሁ።»

ኪዳን ፖስታውን ባንኮኒው ላይ አኖረ። ጦርነቱ የምግብ ቤቱን ጣሪያ ከወሰደበት ጀምሮ ሾፌሮቹ ሌላ ቤት ለምደዋል፤ ጣሪያው የሚመለሰው በዚህች ፖስታ ነው። በዚያ ላይ አታላይ የሚለው ስም ከራሱ እህት አፍ ከወጣ ማን ይፍቀዋል?

ይማርሽ ማጉያውን አወጣች። አድራሻው በመሪጌታ እጅ የተጻፈ ይመስላል፤ ደሴ ተማሪ ቤት ለነበረው ለልጃቸው ለደግሰው የላኩት ደብዳቤ ነው። ማኅተሙ የላሊበላ ነው። የማኅተሙን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰችው፤ መጋቢት አሥራ ሁለት። ባሕረ ሐሳብ መቁጠር እንኳ አያስፈልግም፣ መጋቢት አሥራ ሁለት በየትኛውም ዓመት ከሁዳዴ አያመልጥም። ዳሩን አየች። ንጹሕ ነው። ብል የሚባል ነገር አልነካውም።

«እንዴት ነው?» አለ ሂሻም።

«ቆንጆ ነው» አለች። ኪዳን ፊቱ ጠቆረ፤ በዚያ ቤት «ቆንጆ» ማለት ስድብ ነው።

አባ ይታገሱ ጧፋቸውን ይዘው ቀረቡ። «የመሪጌታ ፖስታ ነው? እስቲ ልሳለመው።»

«ቆይ አባ፣ አይሳለሙት» አለችና ወደ ወንድሟ ዞረች። «የት አሠራኸው?»

«እታለም!»

«የአያታችንን እጅ ጽሑፍ እንዲህ አስመስሎ የሚጽፍልህ ማነው? ጋሸና ነው የተገኘው ወይስ ደሴ?»

«በአባባ አጥንት! ከሣጥኑ ነው ያወጣሁት!»

«በአባባ አጥንት አትማል፣ እሱንም ሸጠኸው ይሆናል።»

አባ «ተይ ልጄ፣ ጾም ነው» አሉ። ሂሻም ኮፍያውን አነሣ።

ይማርሽ እንግዲህ መጨረሻውን ለማየት ነው፣ የሂሻምን ፈቃድ ጠይቃ የቴምብሩን አንድ ማዕዘን በረጠበ ክር ቀስ አድርጋ አላቀቀች፣ በወረንጦም ቀና አደረገችው። ከሥሩ ሊጥ የለም። የጥንቱ ቢጫ ሙጫ እንዳለ ነው፣ ምራቅ ብቻ አርሶት የተለጠፈ። ይህ ለሐሰተኛነቱ የመጨረሻው ማስረጃ ይሆን ነበር፤ ከሙጫው አጠገብ በእርሳስ የተሠራችው ትንሽ መስቀል ባትኖር።

ማጉያውን ብትጠርገውም መስቀሏ ከቦታዋ አልጠፋችም።

እዚህ ላይ ሴትዮዋ የገባችበትን ማጥ ልብ በሉ። መስቀሏን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሐሰተኛ ነው ብላ ብትዘጋው የአያቷ ጾም እንደ ተከበረ ይኖራል፣ ከተማውም ስለ ኪዳን የሚያስበውን አስቀድሞ አስቧል። እውነተኛ ነው ካለች ግን ያ ሊጥ ያስበጠበጠ፣ ሰውን ከነደብዳቤው ያባረረ ጻድቅ ሰው በመጋቢት መሐል የአጥንት ሙጫ ልሷል ማለት ነው፤ ያውም ለገዛ ልጁ በላከው ደብዳቤ ላይ። ልጁም አይቶታል። አይቶም ሣጥኑ ግርጌ፣ ከወረቀት ሥር ደብቆ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ፖስታ «ጾም አያውቅም» ሲል ኖሯል።

ይማርሽ ወንድሟን አየችው። ቀሚሷን ይዞ ገበያ ሲከተላት እንደነበረው ጊዜ ከንፈሩን ነክሷል። መዋሸት የሚያምርበት ሰው አይደለም፤ ይህን ለማየት ማጉያ አላስፈለጋትም።

«ይውሰዱት» አለችው ሂሻምን። «እውነተኛ ነው።»

ኪዳን የሱቁን ባንኮኒ ያዘ። ሂሻም ግን ነጋዴ ነውና «ዳሩን ግን ብል አልነካውም። ጋሽ ደግሰው የሁዳዴ ፖስታ ያለ ብል የለም ይሉ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ» አላት።

«አባቴ ብዙ ነገር ይሉ ነበር። ያዩትን ሁሉ ግን አላሉም።» መስቀሏን አሳየችው፣ ምስጢሩንም ነገረችው። «እጁም የአያቴ ነው፣ እርሳሱም የአያቴ ነው። ምራቁም የአያቴ ነው።»

አባ ይታገሱ ጧፉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ምናልባት ሌላ ሰው ልሶላቸው ይሆናል።»

«ማን አባ? ለማን ይሰጣሉ? የሰው ደብዳቤ እንኳ ባለቤቱ እንዲለጥፈው የማይፈቅዱ ሰው፣ ለልጃቸው የጻፉትን?»

«ሊጥ አልቆ ይሆናል።»

«በሁዳዴ? ከመሪጌታ ቤት ዱቄት?»

ሂሻም ሳል የመሰለ ነገር አሰማ። «አላህ ይቅር ባይ ነው» አለና ፖስታውን በላስቲክ ከቶ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ። ኪዳን እህቱን ሊስም ጎንበስ ሲል በአንድ እጇ ትከሻውን ይዛ አቆመችው፣ ቀና ብላም ከኋላው ያለውን በር አየች፤ ሰው ይስማ አይስማ ለማወቅ ነው መሰለኝ። ከዚያ ሳመችው።

አባ ይታገሱ ወደ በሩ ነበሩ። ይማርሽ ማጉያውን በጨርቅ እየጠቀለለች ጠራቻቸው፤ ድምፅዋ ቲማቲም ስትመርጥ እንደሚሆነው ነበር። የተናገረችውን ሲሰሙ ሂሻም ጫማውን፣ ኪዳን ጣሪያውን፣ አባ ደግሞ ጧፋቸውን አዩ።

«አባ፣ እርስዎ ተማሪያቸው ነበሩ። ሊጡን የሚበጠብጡት ሁልጊዜ ነበር፣ ወይስ ሰው ቆሞ ሲያያቸው ብቻ?»