ፈርሚልኝ

መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴትዮ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትገባለች። አለቃው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አቴንዳንሱን በቀይ ከማስመሩ በፊት፣ «እህቴ፣ ፈርሚልኝ» እያሉ ለሚደውሉላት አራት ባልደረቦቿ ስትፈርም ኖራለች። ፊርማቸውን ከራሳቸው ይበልጥ ታውቅበታለች።

ትናንት የታመመች እናቷን አጣጥባ፣ መድኃኒቷን አጠጥታ ስትሮጥ አሥር ደቂቃ አረፈደች። አራቱም ያን ቀን ቀድመዋት ገብተዋል። የእሷ ቦታ ግን ባዶውን ቀርቶ ተሰምሮበታል።

«ውይ! ደውለሽ ብትነግሪን ኖሮ እኮ!» አለቻት አንዷ።

ውለታ ቢስ ሁላ!

ዛሬ እጅጌዋ ላይ የእናቷ ሽሮፕ እንደደረቀ፣ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል፤ ዝም ሲል መልሶ ይጮኻል። አላነሳችውም። ቀዩን እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጣችና ለአለቃው አቀበለችው።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ያስምሩ።»